ስልክ ሜትሮን መተካት ይችላል? የርቀት መለኪያ አፖች በወሎ ዳገትና ሜዳ

በስልክ ለክቶ ላሜራ ማስቆረጥ ወይም መስታወት ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው። የቀለም ባልዲ መገመት፣ ሶፋው በሳሎኑ ይገባ አይገባ እንደሆነ ማየት፣ ለማሳ የሚበቃ ዘር ማስላት፣ የአጥር ሽቦ ስንት ጥቅል እንደሚፈጅ ማወቅ ግን ይቻላል፤ ያውም የሜትሮውን ጫፍ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ሳይፈለግ። የትኛው ልኬት እንደሚታመን የሚወስነው የስልኩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ አፑ ርቀቱን በምን ዘዴ እንደሚያወጣውና የቆምንበት መሬት ምን እንደሚመስል ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ደህና የሚሠራ አፕ ደሴ ዳገት ላይ የማይታመን ቁጥር ቢያወጣ አይገርምም።

ፕሌይ ስቶር ውስጥ "ሩለር"፣ "ሜትር"፣ "ዲስታንስ" የሚል ስም የያዙ አፖች ብዛታቸው አይጣል ነው። ውስጣቸው ሲታይ ግን ወይ ካሜራውን እያንቀሳቀሱ ያዩትን ነገር ይከታተላሉ፣ ወይ የስልኩን ዝንባሌ ወስደው በሒሳብ ያወጣሉ፣ ወይ ከሳተላይት የቆምንበትን ነጥብ ይቀበላሉ፣ ወይ ካርታ ላይ በጣት ያስነካሉ። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር እየሳለ "ሌዘር ሜትር ነኝ" የሚለው መጫወቻ ነው። ስልኩ ላይ የሌለን መሣሪያ አፕ ሊፈጥረው አይችልም። በአንዳንድ ስልኮች ጀርባ ያለችው ሌዘርም ለካሜራው ፎከስ የተሠራች እንጂ ግድግዳ ለመለካት አይደለችም።

ቤት ውስጥ በካሜራ

አይፎን ላይ "ሜዠር" የተባለው አፕ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። አንድሮይድ ላይ ነገሩ የተበታተነ ነው። ጉግል የራሱን "ሜዠር" በ2021 ከፕሌይ ስቶር አንስቶታል። ዛሬ በዜንደርና በቴሌግራም የሚዞረው ፋይል ያ የቀረው ስለሆነ ባይጫን ይሻላል። ሳምሰንግ ለአንዳንድ ውድ ስልኮቹ "ኩዊክ ሜዠር" አለው። ለቀረነው የሚሻለው "ኤአር ሩለር" የተባለው ነው፤ ማስታወቂያው ቢያሰለችም ርዝመት፣ ማዕዘንና የክፍል ዙሪያ ይለካል።

ችግሩ አፑ ላይ ከመድረሳችን በፊት ይጀምራል። ይህ ዘዴ ጋይሮስኮፕ የሚባል የመዞር ዳሳሽ ይፈልጋል፤ ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ የላቸውም። ስልኩ እንዳለው ለማወቅ ዩቲዩብ ላይ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ማዞር ይበቃል፤ ምስሉ አብሮ ከዞረ አለው ማለት ነው። ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0*# ሲጻፍ የዳሳሾቹ መፈተሻ ይከፈታል። ፕሌይ ስቶር "ስልክዎ አይደግፍም" ካለ ደግሞ በሌላ መንገድ ማስገባት ትርፍ የለውም፤ አፑ ቢከፈትም ነጥቡ ይንሳፈፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የካሜራው መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። አፑ ሲከፈት ስልኩን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንድ ሁለት እርምጃ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ ስልኩን ብቻ ያዞራል። አፑ የርቀቱን መጠን የሚያገኘው ስልኩ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ዳሳሹ የሚያነበውን ጉዞ ካሜራው ካየው ለውጥ ጋር አጣምሮ ነው። ጉዞ ከሌለ አንድ ሜትሩ 80 ሳንቲ ሜትር ወይም 1.20 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ በዚያው ልክ የተዛባ ነው። ወለሉ ላይ ነጠብጣቦች ከታዩ በኋላ መጀመሪያው ላይ ይነካል፣ ቀስ ተብሎ ወደ መጨረሻው ይኬዳል፣ እዚያም ይነካል። ከቦታ ሳይንቀሳቀሱ ካሜራውን ወደ ሩቁ ጫፍ ማነጣጠርም ይቻላል፤ ግን ከቅርብ የተነካ ነጥብ ሁልጊዜ ይሻላል።

ካሜራው የሚከታተለው የሚለይ ነገር ይፈልጋል። በዚህ በኩል የጭቃ ቤት ከዘመናዊው ይሻላል፤ ጭድ የገባበት ምርግ ላዩ ሁሉ ምልክት ስለሆነ አፑ ቶሎ ይይዘዋል። ሰሌን የተነጠፈበት ወለልም እንዲሁ። አስቸጋሪዎቹ ነጭ ቀለም የተቀባ ልሙጥ ግድግዳ፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ መስታወትና ጨለማ ናቸው። ልሙጥ ግድግዳ ላይ በእርሳስ መስቀል መሥራት ወይም የጋዜጣ ቁራጭ በፕላስተር መለጠፍ ይረዳል። መብራት ሲጠፋ በስልኩ የራሱ ባትሪ መብራት መለካት አይመከርም፤ ጥላው ከስልኩ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ አፑ ይደናገራል።

የጠረጴዛ ጠርዝ ለብቻው መጠቀስ አለበት። ነጥቡን ጫፉ ላይ ልናሳርፍ ስንል ሾልካ ወለሉ ላይ ትወድቃለች፤ አፑም ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ የሚወርደውን ሰያፍ መስመር ይለካና 1.20 ሜትር የሆነውን ጠረጴዛ 1.60 ይለዋል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ትክክል ስለሚመስል ስህተቱ አይታይም። መፍትሔው ከጠርዙ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መንካትና የቀረውን መደመር ነው። ወይም ልኬቱ ካለቀ በኋላ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ሄዶ መስመሩን ከሌላ አቅጣጫ ማየት፤ ከጠረጴዛው ወርዶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ያኔ ይጋለጣል።

ማመን ከመጀመሩ በፊት መፈተን ግድ ነው። ኤ4 ወረቀት 29.7 ሳንቲ ሜትር በ21 ነው። ግንባታ ቦታ ያልተቆረጠ ፌሮ ካለ ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ ልክ ሆኖ ፌሮው ላይ የሚስት አፕ ሩቅ ሲሄድ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። መንሸራተቱን ያለ ምንም መሣሪያ ማየትም ይቻላል፤ የክፍሉ ጥግ ላይ ነጥብ አስቀምጦ ክፍሉን ዞሮ መመለስ ነው። ነጥቧ ከጥጉ 5 ሳንቲ ፈቀቅ ብላ ከተገኘች የዚያ ዙር ልኬት ሁሉ ቢያንስ ያን ያህል ስህተት አለበት።

በጥሩ ብርሃን፣ ሁለት ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጥሩ ስልክ በአንድና በሁለት ሳንቲ ሜትር ይስታል። ለመጋረጃ ጨርቅ ይበቃል። ለበር መቃን አይበቃም፤ በያጁ ሁለት ሳንቲ የሰፋ በር ሠርቶ ቢያመጣ ግድግዳው መፈልፈል አለበት። ከ4 ሜትር በላይ ያለውን ለሜትሮ መተው ነው። ሊዳር የተባለው በብርሃን ርቀት የሚለካ ዳሳሽ ያላቸው አይፎኖች (ከ12 ፕሮ ጀምሮ ያሉት ፕሮዎቹ) ጠርዝን በተሻለ ይይዛሉ፤ ብርሃን ሲያንስም ይሻላሉ። እነርሱም ቢሆኑ የሚያዩት እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው።

ትንሽ የምትመስል ስህተት ጣሪያ ላይ ስትወጣ ምን እንደምታደርግ እንይ። ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ቤት ነው እንበል፤ አንድ ቆርቆሮ ተነባብሮ 80 ሳንቲ ይሸፍናል። በረድፍ 10 ቆርቆሮ ማለት ነው፤ አራት ረድፍ ከሆነ 40 ቆርቆሮ። ስልኩ 8 ሜትሩን 8.20 ካለው ረድፉ ወደ 11 ይዘላል፣ ጠቅላላው 44 ይሆናል። በ20 ሳንቲ ስህተት አራት ቆርቆሮ ከሱቅ ወጣ። በተቃራኒው 7.90 ቢለው ደግሞ ቁጥሩ አይለወጥም። ስህተቱ የሚጎዳው ድንበር ላይ ሲሆን ስለሆነ፣ ሒሳቡ ሙሉ ቁጥር አጠገብ ከወደቀ ያን ጎን ብቻ በሜትሮ መድገም ነው።

በዝንባሌ የሚለካው አፕና የደሴ ተዳፋት

"ስማርት ሜዠር" እና መሰሎቹ ጋይሮስኮፕ አይጠይቁም፤ በማንኛውም ስልክ ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ በጣም ተወዳጅ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ካሜራው ከመሬት ያለው ከፍታ ይሞላለታል፤ መስቀሉ የዕቃው እግር መሬት የሚነካበት ላይ ይነጣጠራል፤ ስልኩ ምን ያህል ወደ ታች እንደዘነበለ ያነብና ከፍታውን ለዝንባሌው ታንጀንት ያካፍላል። ከፍታው የሰውየው ቁመት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ስልኩ በተያዘበት ሁኔታ ከመሬት እስከ ካሜራው መስታወት ያለው ነው፤ አንዴ በሜትሮ ለክቶ ማስገባት ያስፈልጋል። 1.50 የሆነውን 1.60 ብሎ የሞላ ሰው ርቀቱ ሁሉ በ7 በመቶ ገደማ ይረዝምበታል።

እጅ መንቀጥቀጥ ሲጨመር ምን እንደሚሆን በቁጥር ይታያል። ካሜራው 1.50 ሜትር ላይ ሆኖ 10 ሜትር ርቀት ሲለካ አንድ ዲግሪ ብቻ ብንስት ውጤቱ 8.9 ወይም 11.3 ሊሆን ይችላል። 30 ሜትር ላይ ያችው አንድ ዲግሪ 22 ወይም 46 ታደርገዋለች። ከ10 ሜትር በላይ ይህን አፕ መጠቀም ከዓይን ግምት አይሻልም። ስልኩን አጥር ወይም ግንድ ላይ ማስደገፍ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ግን መሬቱ ሜዳ ሲሆን ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ሜዳ የት ይገኛል? አፑ የሚያሰላው የቆምንበትና የምናነጣጥርበት ቦታ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ብሎ ነው። አምስት በመቶ ተዳፋት፣ ማለትም በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወርድ፣ በእግር ሲሄዱበት እምብዛም የማይታወቅ ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ ቁልቁል 10 ሜትር የራቀን ነገር አፑ 7.5 ሜትር ይለዋል። ወደ ላይ ዞሮ ያንኑ 10 ሜትር ሲለካ 15 ይላል። አፑ አልተበላሸም፤ መሬቱ ነው እኩል ያልሆነው። ስለዚህ ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ ባለው የደሴ ሠፈር ይህን አፕ ለርቀት መጠቀም ከንቱ ድካም ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ ወይም ቆቦ ላይ ከሆነ ይሁን።

ለቁመት ግን ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም አፖች ይልቅ ሙያ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባህር ዛፍ ሲሸጥ ወይም ሲገዛ የዛፉን ቁመት ማወቅ ተፈለገ እንበል። ከግንዱ 20 ሜትር በሜትሮ ይለካል (በስልኩ አይደለም)፤ እዚያ ቆሞ ጫፉ ይነጣጠራል። ዝንባሌው 45 ዲግሪ ከሆነ ዛፉ 20 ሜትር ሲደመር የካሜራው ከፍታ፣ ማለትም 21.5 ሜትር ገደማ ነው። 40 ዲግሪ ከሆነ 20 በ0.84 ተባዝቶ 1.5 ሲጨመር 18.3 ይመጣል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከዛፉ በላይ ወይም በታች ሳይሆን በጎኑ፣ ልክ እርከኑን ተከትሎ ወደ ጎን ተኪዶ መቆም ነው፤ እግራችንና የዛፉ እግር እኩል ከፍታ ላይ ይሆናሉ፤ የተዳፋቱ ስህተትም ይጠፋል። ነፋስ ካለ ጫፉ ስለሚወዛወዝ ጠዋት ማለዳ ይሻላል።

ማሳ፦ ጂፒኤስ

ለገበሬና ለግብርና ባለሙያ ጠቃሚው ይህ ነው። "ጂፒኤስ ፊልድስ ኤሪያ ሜዠር" የተባለው አፕ በነጻው ይበቃል። የመደመር ምልክቱ ይነካል፤ ርቀት ወይም ማሳ ይመረጣል፤ ቀጥሎ ካርታው ላይ በጣት ነጥብ ማስቀመጥ ወይም በጂፒኤስ እየዞሩ መለካት ይመረጣል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት መለኪያው ሄክታር መሆኑ ይታይ። ኤከር ላይ ተትቶ ከሆነ አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ሄክታር 10,000። "2.5" ያለውን አንብቦ 10 ጥማድ ነው ያለ ሰው ስድስት ጥማድ ገደማ መሬት ከባዶ ፈጥሯል። በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይያዛል፤ በገበሬው አፍ ላይ ያለው ጥማድ ግን እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ስለዚህ ስልኩና የሽማግሌው ግምት ባይገጣጠሙ ሁልጊዜ ስልኩ ተሳሳተ ወይም ሽማግሌው ተሳሳቱ ማለት አይደለም።

ለመለማመድ ከደሴ በስተሰሜን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ሐይቅ መጠቀም ይቻላል። ካርታው ላይ የሐይቁን ዳር ዳር እየነኩ መዞር ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱም ወደ 6.7 ኪሎ ሜትር መሆኑ የታወቀ ነው። 2,300 ሄክታር አካባቢ ከመጣ እጃችን ለምዷል፤ ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ከመጣ መለኪያው ወይም ነጥቦቹ ላይ ችግር አለ።

የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ገላጣ ሲሆን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ይህ ለትልቅ ማሳ ምንም አይደለም፤ ለትንሽ ቦታ ግን ሁሉ ነገር ነው። እያንዳንዱ ጎን ሁለት ሜትር ብቻ ቢረዝም 10 በ20 የሆነው የቤት መሥሪያ ቦታ 12 በ22 ሆኖ 264 ካሬ ይወጣል፤ ከ200 ካሬው በ32 በመቶ ይበልጣል። 50 በ50 የሆነው አንድ ጥማድ በ8 በመቶ፣ 100 በ100 የሆነው ሄክታር በ4 በመቶ፣ 200 በ200 የሆነው ደግሞ በ2 በመቶ ብቻ ይበልጣል። በሄክታር 150 ኪሎ ስንዴ የሚዘራ ሰው ለአንድ ጥማድ 37.5 ኪሎ ያስፈልገዋል፤ 8 በመቶ ስህተት 3 ኪሎ ነው፤ ጉዳት የለውም። የከተማ ቦታን በጂፒኤስ አፕ ለክቶ በካሬ ዋጋ መደራደር ግን ለጠብ መዘጋጀት ነው።

ውጤቱን የሚያሻሽሉ ጥቂት ልማዶች አሉ። አፑ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ መጠበቅ፤ ትክክለኛነቱን የሚያሳየው ቁጥር ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ሳይከቱ ከትከሻ ከፍ አድርጎ መያዝ። ማዕዘኑ ላይ ደርሶ ወዲያው ከመንካት 20 ሰከንድ ያህል መቆም። በየማዕዘኑና በየእጥፋቱ በእጅ መንካት ደግሞ አፑ በራሱ እየቀዳ እንዲሄድ ከመተው ይሻላል፤ በራሱ ሲቀዳ ሰው ቆሞ ከጎረቤቱ ሲጨዋወት ነጥቡ ዙሪያውን ይቅበጠበጣል፣ ዙሪያውም ያለ ልክ ይረዝማል። ማሳውን ያለ እረፍት በአንድ ዙር መጨረስም ያግዛል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሳተላይቱ ስህተት ነጥቦቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋቸው የማሳው ቅርጽ ብዙም አይዛባም። ግማሹን ጠዋት ግማሹን ከምሳ በኋላ የለካ ግን ማሳውን መሐል ላይ ሰብሮ ነው የሚያገኘው።

አንድ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ብልሽት፦ ስክሪኑ ሲጠፋ የባትሪ ቆጣቢው ጂፒኤሱን ያቆመዋል፤ እንደገና ሲበራ አፑ ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ያገናኝና ማሳውን በሰያፍ ይቆርጠዋል። ካርታው ላይ ማሳውን የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ይህ ነው። ከመጀመሩ በፊት ባትሪ ቆጣቢውን ማጥፋትና ስክሪኑ ቶሎ እንዳይጠፋ ማድረግ ይበቃል። ኔትወርክ አለመኖሩ ግን አያሳስብም። ጂፒኤስ ያለ ዳታም ይሠራል፤ ሳተላይት ለመያዝ ትንሽ ይዘገያል፤ ከኋላ የሚታየው የካርታ ሥዕል አይመጣም እንጂ ልኬቱ ይወጣል።

ጂፒኤስ የሚከዳበት ቦታ ወሎ ውስጥ ሞልቷል። የመርሳ ማንጎና ብርቱካን ጥላ ሥር ምልክቱ ይዳከማል። ደላንታ ገደል አፋፍ ሥር ወይም አምባሰል ግርጌ ሲሆን ግማሹ ሰማይ በድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ የሚደርሰውም ምልክት ከገደሉ ላይ ነጥሮ የመጣ ስለሆነ ቦታው ብዙ ሜትር ይዘላል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ሁለት ድግግሞሽ የሚቀበሉ ስልኮች ይህን በመጠኑ ይቋቋሙታል። መፍትሔው ከጥላው ወይም ከገደሉ ወጣ ብሎ ገላጣው ላይ ነጥብ መያዝና የቀረውን በሜትሮ ለክቶ መደመር መቀነስ ነው። ወደ ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስ ግርጌ ያለውን ግቢ በጂፒኤስ ልለካ ማለት ደግሞ ልፋት ብቻ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ተፈልፍሎ የቀረ ድንጋይ ነው።

ተዳፋት እዚህም ይመለሳል፤ መልኩ ግን ሌላ ነው። ጂፒኤስና ካርታ የሚሰጡት አግድሙን፣ ከላይ ሲታይ ያለውን ርቀት ነው። የመሬት ስፋት የሚያዘውም በአግድሙ ስለሆነ ለማሳ ስፋት ትክክል ነው። ዳገት ላይ በሜትሮ ወይም በገመድ የለካ ሰው ግን ተዳፋቱን ራሱን ነው የለካው፤ 20 ዲግሪ ዳገት ላይ 50 ሜትር ሜትሮ አግድሙ 47 ብቻ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በገመድ አንዱ በስልክ ለክተው ቢጣሉ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሽቦ ሲገዛ ወይም የእርከን ካብ ወደ ዳገቱ ሲቆጠር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አፑ 50 ሜትር ያለው አጥር 20 ዲግሪ ላይ 53 ሜትር፣ 30 ዲግሪ ላይ 58 ሜትር ያህል ሽቦ ይጠጣል።

ካርታ፣ እርምጃና ቀሪው

ጉግል ካርታ ላይ ቦታውን ጫን ብሎ ይዞ ከታች ከሚወጣው ዝርዝር ርቀት መለኪያውን መምረጥ ነው። የሚሰጠው አሞራ የሚበርበትን ርቀት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በዚህ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ ሐረጎን የሚወርደው መንገድ ግን ወደ 25 ይጠጋል። ለቧንቧ ወይም ለኤሌክትሪክ መስመር ግምት ቀጥታው ይጠቅማል፤ ለጭነት ዋጋ ድርድር የመንገዱን አቅጣጫ መጠየቅ ነው። ጉግል ኧርዝ ስፋትም ያወጣል። የድንጋይ ካብ ወይም የቁጥቋጦ ወሰን ከላይ በግልጽ የሚታይ ከሆነ፣ በሳተላይት ሥዕሉ ላይ መሳል በእግር ዞሮ ከመለካት የበለጠ ልክ ሊሆን ይችላል። የሥዕሉ ቀን ግን ይታይ፤ ወሰኑ ከዚያ በኋላ ተዛውሮ ይሆናል። ገደላማ ቦታ ላይ ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ሜትሮች ተንሸራቶ ሊቀመጥ ይችላል።

እርምጃ የሚቆጥሩት አፖች የሚታመኑት የእርምጃችን ርዝመት በ100 ሜትር ላይ ተለክቶ ከገባላቸው ብቻ ነው። ዳገት ስንወጣ እርምጃ ያጥራል። ለእግር ጉዞ እንጂ ለሥራ አይሆኑም።

የወሰን ክርክር ላይ የስልክ ሥዕል ይዞ መቅረብ ብዙ አያዋጣም። ወሰን የሚረጋገጠው በይዞታ ደብተሩና በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ቀያሾች ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። የድሮዎቹ 1:50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የኮኦርዲኔት መነሻ ነው፤ ስልክ ግን ዓለም አቀፉን ደብልዩጂኤስ 84 ይጠቀማል። ከአሮጌ ሰነድ የተወሰደን ኮኦርዲኔት እንዳለ ስልክ ላይ የሞላ ሰው ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ያገኘዋል። ርቀትና ስፋት አይዛባም፤ የሚዛባው ቦታው ነው።

ስለ ክፍያ። አብዛኞቹ አፖች በነጻ ይከፈቱና "ሦስት ቀን ሙከራ" ብለው ካርድ ይጠይቃሉ። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ይህ በር ዝግ ነው፤ ካርድ ያለውም አፑን ከስልኩ ማጥፋቱ ክፍያውን እንደማያቆመው ይወቅ፤ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ከምዝገባዎች ዝርዝር ገብቶ መሰረዝ አለበት። በዚያ ገንዘብ ጥሩ የ5 ሜትር ሜትሮና የ50 ሜትር ጨርቅ ሜትር መግዛት ይሻላል። እየለኩ የሚያድሩ ግንበኞችና አናጢዎች ደግሞ እውነተኛውን ሌዘር ሜትር ይመልከቱ፤ እስከ 40 ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር ስህተት ይለካል። ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ደጅ ፀሐይ ላይ ይሞከር፤ በቀትር ብርሃን ቀይ ነጥቧ ስለማትታይ ሩቁ ጫፍ ላይ ነጭ ወረቀት የሚይዝ ሰው ማስፈለጉ አይቀርም።